ከነአዋሳኞቹ ወደ ክላውድ

ሚዛን ከተማ ውስጥ ይህን ያህል ሰው እንዳለ አላውቅም ነበር። አውቃለሁ እያልኩ ነበር የምኖረው። የመሬት ይዞታ መረጃ ባለሙያ ነኝ እኮ! የሰፈሩ ሰው ሁሉ ከነቤቱ፣ ከነጓሮው፣ ከነአጥሩ በእኔ ኮምፒውተር ውስጥ በስምና በቁጥር ተኝቷል። ለካ ሰው በስምና በቁጥር ተኝቶ ሲታይ ሌላ ነው፣ ተነሥቶ ጃንጥላ ዘርግቶ ደጅ ሲቆም ሌላ። እኔ ቆሞ አየሁት። ዛሬም ሳወራው ጸጉሬ ይቆማል፤ ያውም ለመቆም የቀረችው ጥቂት ናት።

ነገሩ የጀመረው በሥልጠና ነው። መቼም በመንግሥት ሠራተኛ ላይ የሚመጣ ነገር ሁሉ መነሻው ሥልጠና ነው። የዚህኛው ርዕስ ረዘም ይላል፦ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሲስተማቸውን ወደ ክላውድ እንዲያዛውሩ ስለማዘጋጀት። ኃላፊያችን ደብዳቤውን አነበቡ፣ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ክፍሉን ዞር ዞር ብለው አዩና እኔ ላይ ቆሙ። "አንተ ሂድ፤ ኮምፒውተር ላይ ስታፈጥ አይቼሃለሁ" አሉ። እውነታቸውን ነው፤ አፈጣለሁ።

አሠልጣኟ ኢንጂነር ሰላም የምትባል ከአዲስ አበባ የመጣች ወጣት ናት። ክላውድ ማለት፣ አለችን፣ መረጃችሁ ቢሯችሁ ጠረጴዛ ሥር ባለው ማሽን ላይ መቀመጡ ይቀርና ሌላ ቦታ፣ በደንብ በሚጠበቁ ትልልቅ ማሽኖች ላይ ይቀመጣል፤ እናንተ ባላችሁበት ሆናችሁ በኢንተርኔት ትከፍቱታላችሁ። ቢሮው ቢቃጠል፣ ማሽኑ ቢሰረቅ፣ መረጃው አይነካም። እኔ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። የእኛን ቢሮ ብታዩት ኖሮ እናንተም ትከፍቱ ነበር። ጣሪያው ያፈሳል፣ መብራቱ ይሄዳል፣ ምስጡ ይበላል። የወረቀት ፋይላችንን ግማሹን ጨርሶታል፤ ሽፋኑን ብቻ ይተውልናል፣ ስንከፍተው ውስጡ አፈር ነው። ዝናቡ ደግሞ የሚዛን ዝናብ ነው፤ አንዴ ከጀመረ ማቆም የሚባል ነገር ትዝ አይለውም። እንግዲህ እዚህ ውስጥ ለኖረ ሰው የማይበሰብስ፣ የማይበላ፣ የማይጠፋ ቦታ አለ ሲባል ምን እንደሚሰማው አስቡት። አሜን ልል ጥቂት ነው የቀረኝ።

"ግን" አለች ሰላም፣ "ቤት ስትለቁ ፍራሹን ከነትኋኑ አትጭኑም።" መረጃው መጀመሪያ ይጥራ፤ የተደገመው ይውጣ፣ የተሳሳተው ይስተካከል። ባለቤቱ ቀርቦ ትክክል ነው ይበል። መጠባበቂያ ቅጂ ይያዝ። ከዚያ ይዛወር። ይህን ሁሉ ጻፍኩ። ከዚያ ምሳ ሆነ። ከምሳ በኋላ የቀረበው ትምህርት "በአንድ ጊዜ አትሞክሩት፤ በትንሽ በትንሹ፣ በሰፈር በሰፈር ከፍላችሁ አድርጉት" የሚል እንደነበር ያወቅኩት ዘግይቼ ነው። በሰዓቱ ሥጋዬ ወንበሩ ላይ ነበር። ነፍሴ የት እንደሄደች የበላሁት ክትፎ ያውቃል።

ሚዛን ስመለስ ኃላፊያችን "ዝግጁ ነን?" አሉኝ።

"ዝግጁ ነን!" አልኩ። እኛ ዘንድ ዝግጁ ነን የሚባለው መጀመሪያ ነው፤ ዝግጅቱ ከዚያ በኋላ ይፈለጋል። እሳቸውም ዝግጁ መሆናችንን ለበላይ አሳወቁ፣ በላይም ለሰላም አሳወቀ፣ ሰላምም "እንግዲያው ሐሙስ መጥቼ እናዛውረዋለን" አለች። ኃላፊያችን ደስ ስላላቸው አንድ ትእዛዝ ጨመሩበት፦ መረጃው ጠርቶ እስኪዛወር ድረስ ከማሽኑ ምንም ዓይነት የካርታ ቅጂ እንዳይወጣ።

ለእኔ የቀረኝ ሥራ ሕዝቡን መጥራት ነበር። ማስታወቂያ ጻፍኩ። እዚህ ላይ ነው እጄ ጉድ የሠራኝ። በእኛ ሥራ መሬት የሚታወቀው በአዋሳኙ ነው። በምሥራቅ እገሌ፣ በምዕራብ እገሊት፣ በሰሜን መንገድ ይባላል። ሲለካ፣ ሲሸጥ፣ ሲወረስ፣ አዋሳኝ ካልቆመ ብዕር አይነሣም። ስለዚህ ማናችንም ብንሆን ማስታወቂያ ስንጽፍ መጨረሻው ላይ እጃችን ራሱ "ከአዋሳኞቻችሁ ጋር" ብሎ ይዘጋዋል። እኔም ጻፍኩት፦ የይዞታ ባለመብቶች በሙሉ ሐሙስ ጠዋት ከአዋሳኞቻችሁ ጋር ቀርባችሁ መረጃችሁን እንድታረጋግጡ። በር ላይ ለጠፍኩት። በየቤተ ክርስቲያኑና በመስጊዱ አስነገርኩት። ድምፅ ማጉያ የጫነ ባጃጅ ተከራይቼ ሰፈር ለሰፈር አዞርኩት። በሥራዬ ኮርቼ ማታ እግሬን ታጠብኩ።

ማስታወቂያው በተለጠፈ ማግሥት መጀመሪያ የመጡት እማማ ማርታ ናቸው። ባለቤታቸውን የቀበሩ፣ ጠንከር ያሉ ሴት ናቸው። ቤታቸው ውስጥ የሚነገረው ቤንችኛ ነው፤ አማርኛቸው አጭር ነው፣ ግን የላኩት ቦታ ይደርሳል።

"አንተ ልጅ፣ የኔን መሬት የት ልትወስደው ነው?"

"መሬቱን አይደለም እማማ፤ መረጃውን ነው።"

"መረጃው ከሄደ መሬቱ ምን ይዞ ይቀራል?"

ሥልጠናው ላይ ይህን የጠየቀ አልነበረም።

የእማማ ማርታን ነገር አውቀው ነበር። ባለፈው ዓመት ቴፒ ያለችው ልጃቸው ወልዳ ሊያርሷት ሄዱ። ሲመለሱ ተሰማ የሚባለው አናጺ ጎረቤታቸው አጥሩን ነቅሎ ወደ እሳቸው ጓሮ አስገብቶ ተክሎታል። ባለቤታቸው በእጃቸው የተከሉት ቡና ከአጥሩ ወዲያ ማዶ ሆኖ ጠበቃቸው። ተሰማን ቢጠይቁት "ድሮም ድንበሩ እዚህ ነው" አለ። ክስ ተመሠረተ፣ ለሰኞ ተቀጥሯል። እሳቸው እጅ ያለው ካርታ ጣሪያ አፍስሶበት ቁጥሩ ታጥቧል። የወረቀት ፋይላቸውን ምስጥ በልቶታል። በዓለም ላይ የቀረው ማስረጃ ጠረጴዛዬ ሥር ባለው ማሽን ውስጥ ያለው ብቻ ነው።

"አሁን አትመህ ስጠኝ" አሉኝ።

"ትእዛዝ ነው እማማ፤ እስኪዛወር ቅጂ አይወጣም። ሐሙስ ይረጋገጣል፣ ዓርብ ይወስዳሉ፣ ሰኞ ፍርድ ቤት ይዘው ይገባሉ።"

"ቢጠፋስ?"

"ኧረ እማማ! እንዳይጠፋ እኮ ነው የምናዛውረው!" አልኩና ሳቅኩ። ሳቄን ሳስታውሰው ዛሬም ጉንጬን በጥፊ ማለት ያምረኛል።

ሐሙስ ጠዋት ቢሮ ስደርስ በሩ ጠፋብኝ። በሩ አለ፣ ሰው ሸፍኖት ነው። ግቢው ሞልቷል፣ ከግቢው የተረፈው መንገዱን ሞልቷል፣ ከመንገዱ የተረፈው የመናኸሪያውን መታጠፊያ ይዞ ቆሟል። ጃንጥላ በጃንጥላ! ባለመብቱ አዋሳኞቹን ይዞ መጥቷል። አዋሳኞቹ ራሳቸው ባለመብት ናቸውና እነሱም የየራሳቸውን አዋሳኞች ይዘዋል። እነዚያም እንደዚያው። ይህ ነገር የት ላይ እንደሚያቆም ሳልጽፈው በፊት አንድ ደቂቃ ባስብ ኖሮ ምን ነበረበት? የሚያቆመው ወንዙ ጋ ነው። ወንዙ ጋ የሚኖረውም ሰውዬ አላረፈም፤ ገና ሳየው "በምዕራብ በኩል የሚያዋስነኝ ወንዝ ነው፤ እሱን እንዴት አድርጌ ላቅርበው?" ብሎ ያዘኝ። እኔ ሰማዩን አሳየሁት፤ እየመጣ ነበር።

የውርስ ድርሻ ያለው አንድ ሰው ሻንጣውን ይዞ ከጌጫ በሌሊት ተነሥቶ መጥቷል። ቱም ከተማ ለንግድ የሄደ አንዱን ሚስቱ ስልኩን ከፍታ ከጭንቅላቷ በላይ ይዛዋለች፤ "አለሁ! አለሁ!" ይላል ከስልኩ ውስጥ። ከሸዋ ቤንች የመጡ ሽማግሌ ደግሞ መሬታቸውን ከሸጡ ቆይተዋል። "ታዲያ ለምን መጡ አባቴ?" ብላቸው "ስሜ ተጠርቶ ዝም ልበል እንዴ?" አሉ። የመቃብር ስፍራው ጠባቂ ባርኔጣውን አውልቆ ቀረበኝ። መቃብሩ ብዙ ሰው ያዋስናል፣ ቅር እንዳይላችሁ ብዬ መጣሁ አለ። "ውስጥ ያሉትስ?" አልኩት እንዲያው ግራ ቢገባኝ። "እነሱን እኔ እወክላለሁ" አለኝ ኮስተር ብሎ።

ኃላፊያችን ከመኪናቸው ወርደው ይህን ሲያዩ ፊታቸው አመድ መሰለ። "ሰልፍ ነው? ማን ፈቀደ?" አሉኝ በሹክሹክታ። መልስ ሳልሰጥ አንዲት ሴትዮ ካርታዋን ይዛ ደረሰች። "በሰሜን፣ መሥሪያ ቤት ይላል። መሥሪያ ቤት ማለት እርስዎ ነዎት አይደል? ኑ፣ ይቁሙልኝ" አለቻቸው። ኃላፊያችን ኮታቸውን ቆልፈው ሄደው አጠገቧ ቆሙ። ከዚያ ወዲያ ቀኑን ሙሉ ትእዛዝ ሲሰጡ አልሰማሁም።

ሰላም ቦርሳዋን አዝላ በሰው መሃል ተጋፍታ ገባች። "ይሄ ሁሉ ምንድነው?"

"የመረጃ ማጥራት" አልኳት።

"በሰፈር በሰፈር አላልኩም?"

"መቼ?"

አየችኝ። የክትፎው ሰዓት ላይ መሆኑ ያኔ ነው የገባኝ።

ያም ሆነ ይህ ተጀመረ። እኔ በባጃጁ ድምፅ ማጉያ ስም እጠራለሁ፣ ባለመብቱ ከአዋሳኞቹ ጋር መስኮቱ ጋ ይቀርባል፣ ካርታውን ስክሪኑ ላይ ያያሉ፣ "ልክ ነው" ይላሉ፣ ሰላም ትልካለች። ሥራው መልክ እየያዘ ሄደ። "ደረሰ?" ይላሉ። "ደረሰ" ትላለች። አንዳንዱ የራሱ መሬት ሲደርስ ያጨበጭባል። አንዱ "እዚያስ ይዘንባል?" አላት፤ "አይዘንብም" ስትለው "እንግዲያው ቡናው ምን ይሆናል?" ብሎ እሷኑ አሳቃት። የእማማ ማርታ ሰፈር ተራው ሊደርስ ሲል መብራት ሄደ።

መብራት ሲሄድ እንዲይዝ የተገዛው ባትሪ ለአፍታ ጮኸና እሱም ተከተለ። ጄኔሬተር ተነሣ፣ ማሽኑ ተከፈተ፤ ግን ከሆዱ የሚወጣው ድምፅ ጤናማ አልነበረም፤ ጥርስ የሚያፋጭ ሕፃን ይመስላል። ሰላም ጎንበስ ብላ ብዙ ሞከረች።

"የሌላው ሰፈር ደህና ነው" አለች። "አንዱ ብቻ አልከፈት አለኝ። ተበላሽቷል።"

የትኛው እንደሆነ አልጠየቅኳትም። ስክሪኑ ላይ አየሁት።

"መጠባበቂያ ቅጂ ይዘሃል አይደል?"

"ይዣለሁ!" አልኩ፤ ተመስገን፣ ይህን እንኳን ሰምቼው ነበር።

"የት አለ?"

"እዚሁ ማሽን ላይ። ከዋናው አጠገብ።"

ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። አልጮኸችም። እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ ቀስ ብላ ተቀመጠች። እኔም በዚያች ደቂቃ ምን እንደሠራሁ ገባኝ። አንድ ቤት ውስጥ ያለ ሰው ቤቱ ቢቃጠልብኝ ብሎ ሌላ መለዋወጫ ቤት እዚያው ሳሎኑ ውስጥ እንደ መሥራት ነው። የሠላሳ ዓመት ልምድ ያለው ጅል ካልሆነ ይህን ማን ያደርጋል?

እማማ ማርታ መስኮቱ ላይ ነበሩ። ሁሉንም ሰምተዋል።

"የኔስ?" አሉ።

ስክሪኑን ወደ እሳቸው አዞርኩት፤ ባዶ ነው።

"ልጄ፣ ሰኞ ምን ልበል?"

አፈርኩ። ደረቴ ድረስ አፈርኩ። ከኋላቸው ተሰማ ከሚስቱ ጋር በአንድ ጃንጥላ ቆሟል፤ አዋሳኝ ነውና ተጠርቶ መጥቷል። እሱም ሰምቷል። ፊቱን ወደ ሌላ አዞረ፤ ትከሻው ግን ሸክም እንደወረደለት ሰው ዝቅ አለ። ያቺን ትከሻ ሳይ እንባዬ መጣ። መቀበር ተመኘሁ፤ ጠባቂውም ቅርብ ነበር።

ሰላም ቀና ብላ "እንደ አዲስ ማስገባት ይቻላል" አለች። "ባለመብቱና አዋሳኞቹ በሙሉ ተስማምተው ካረጋገጡ፣ ቦታው ላይ ተለክቶ ይመዘገባል። ግን የአንድ ሰፈር አዋሳኝ በሙሉ በአንድ ቀን የት ይገኛል?"

እኔ በጣቴ ወደ ውጭ አሳየኋት።

ይህን የሰሙት ጋሽ ሻፊ ናቸው፤ ባለሱቅ ናቸው፣ የእማማ ማርታ ሰፈር እድር ዳኛም። ወደ መስኮቱ ቀረብ ብለው "ይሄ ነው ያስጨነቃችሁ?" አሉ። "እድር ላይ ማን እንደቀረ የምናውቀው እኮ በቤታችን ተራ ስለምንቀመጥ ነው። ጎረቤትህ ከቀረ ጎንህን ይበርድሃል።" ከዚያ የባጃጁን ድምፅ ማጉያ ተቀበሉኝና ደረጃው ላይ ወጡ።

"የእኛ ሰፈር ሰው! እንደ ቤታችሁ ቁሙ!"

እንግዲህ የምነግራችሁ እዚህ ላይ ነው።

መጀመሪያ ግርግር ሆነ። ሰው ተጋፋ፣ ጃንጥላ ከጃንጥላ ተጋጨ፣ የሌላ ሰፈር ሰው ወደ ዳር ወጣላቸው። ከዚያ ቀስ በቀስ ነገሩ መስመር ያዘ። "አንቺ ከእኔ በላይ ነሽ"፣ "እኔ ከእሱ ጀርባ ነኝ"፣ "ወደዚህ ጠጋ በል፣ የኔ ጠባብ ናት" ይባባላሉ። እኔ ደረጃው ላይ ከሰላም ጋር ቆሜ ሳይ፣ በግቢው መሃል አንድ ባዶ መስመር እየተከፈተ ሄደ። ምንድነው ይሄ ባዶ? ብዬ ዓይኔን አሸሁ። መንገዱ ነው! የሰፈሩ መንገድ! ማንም አልነገራቸው፣ ማንም አላሰመረላቸው፣ ግን አንድም ሰው መንገዱ ላይ አልቆመም። አንዲት ወጣት እናት ማዶ ያለችውን ጓደኛዋን ልታናግር ፈለገች፤ በሰው መሃል አላቋረጠችም፣ በዚያ ባዶ መንገድ ወርዳ፣ ታጥፋ፣ በጓደኛዋ "በር" በኩል ገባች። ወንዝ ዳር የሚኖረው ሰውዬ ከጀርባው ማንንም አላስቆመም፤ ውሃው የሚያልፍበትን ትቶለታል።

ከረድፉ በአንዱ ላይ ሌላ ክፍተት አየሁ። የአንድ ሰው ቦታ ያህል ነው። ሰው ተጨናንቆ፣ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቆ፣ እዚያ ግን ማንም አይገባም። ጋሽ ሻፊን ጠየቅኳቸው።

"የጋሽ ዱባለ ነው። ዘመድ የለውም ነበር፣ አረፈ" አሉኝ። ዝናቡ ባዶው ቦታ ላይ ብቻውን ይወርድ ነበር።

ዘመኔን ሙሉ ካርታ ላይ አፍጥጫለሁ። መስመር አውቃለሁ፣ ቁጥር አውቃለሁ፣ ቀለም አውቃለሁ። ካርታ ሲተነፍስ፣ ሲያስነጥስ፣ እርስ በርሱ ሰላም ሲባባል አይቼ አላውቅም። ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ሰላም ስልኳን አውጥታ ልትቀርጽ ጀምራ ነበር፣ እጇን ዝቅ አድርጋ ታያለች። "የሰው ያለህ!" አለች ቀስ ብላ።

ጋሽ ሻፊ ከረድፉ ጫፍ ጀመሩ። በሁለት ሰዎች መሃል ይቆማሉ፣ "መካከላችሁ ምንድነው?" ይላሉ። ሁለቱም ይመልሳሉ፣ እኔ እጽፋለሁ።

"ቦይ ነው።"

"የእንሰት ረድፍ።"

"የኔ ቤት ግድግዳ፤ እሷ ሚስማር መትታበታለች ግን ግድግዳው የኔ ነው።" ሳቅ ሆነ።

"አቮካዶ ነው፤ ዛፉ የኔ፣ ፍሬው የልጆቹ።"

"ምንም የለም፣ እንዋደዳለን" አሉ ሁለት አሮጊቶች። ጋሽ ሻፊ "መዋደዳችሁ አይለካም፣ ድንጋይ የለም?" ሲሏቸው ተያዩና "አለ አለ፣ ልብስ የምናጥብበት" አሉ።

እንዲህ እንዲህ እያለ ወደ እማማ ማርታ ሲጠጋ ብዕሬን ጠበቅ አድርጌ ያዝኩ። ሰውም አውቆታል፤ ሳቁ እየቀነሰ ሄደ። ጋሽ ሻፊ እማማ ማርታና ተሰማ መሃል ደርሰው ቆሙ። ድምፃቸውን አልለወጡም። እንደ ሌላው ሁሉ ጠየቁ።

"ማርታ፣ ተሰማ፣ መካከላችሁ ምንድነው?"

እማማ ማርታ ተሰማን ያዩታል።

ተሰማ አፉን ከፈተ። "አጥ..." አለና ቆመ። ቀና ብሎ አየ። ፊት ለፊቱ ያለው ሰው ሁሉ በቦታው ቆሟል። አሁን አጥሩ ነው ቢል በዚያ በኩል ያሉት ያውቃሉ፣ በዚህ በኩል ያሉት ያውቃሉ፣ መንገዱ ማዶ ያሉት ያውቃሉ። ፍርድ ቤት ዳኛውን ብቻ ነበር ማየት የሚጠበቅበት። እዚህ ግን የእድሩ ሰው በሙሉ፣ ልጁ ስትታመም በሌሊት ያዘሉለት፣ እናቱን የቀበሩለት፣ በተራቸው ቆመው ያዩታል። ማንም አልተቆጣውም። ሚስቱ ጃንጥላውን ይዛ አንድ እርምጃ ፈቀቅ አለች። ዝናቡ ራሱ ላይ ወረደበት።

"ዋንዛዋ ናት" አለ።

"የቷ ዋንዛ?" አሉ ጋሽ ሻፊ።

"የቆረጥኳት።"

ሰው ትንፋሹን ለቀቀ። አንድ ላይ ነው የለቀቀው፤ እኔ ደረጃው ላይ ሆኜ ተሰማኝ። ያ ትንፋሽ የቁጣ ይሁን የእፎይታ እስካሁን አላውቅም። ጋሽ ሻፊ ወደ እኔ ዞረው "ጻፍ፣ ዋንዛ" አሉና ወደሚቀጥለው ጎረቤት አለፉ፤ ጥያቄያቸውን ቀጠሉ።

ከሰዓት በኋላ ቀያሻችን ሜትሩን ይዞ፣ ሰላም ኮምፒውተሯን በላስቲክ ጠቅልላ፣ እኔ ከኋላ ጭቃው ውስጥ እየተንሸራተትኩ፣ ወደ ሰፈሩ ሄድን። አዋሳኞቹ እያንዳንዳቸው በደጃቸው ቆመው ይጠብቁን ነበር። ለካን፣ ጻፍን፣ አለፍን። እማማ ማርታ ጓሮ ስንደርስ ከአጥሩ ወዲያ ማዶ የተከመረ ጣውላ አየን። እማማ ማርታ በእጃቸው አመለከቱ።

"ጉቶዋ ከሥሩ ነው" አሉ። "እንጨትህን አንሳ።"

ተሰማ ጣውላውን አንድ በአንድ አነሣ። ልናግዘው ስንጠጋ እሳቸው በዓይናቸው ከለከሉን። ቀይ የዋንዛ ጣውላ ነበር፣ ገና ያልተሸጠ። ሲጨርስ ጉቶው ወጣ፤ ዙሪያውን አዲስ ቅጠል አቆጥቁጧል። ሰላም በረንዳው ላይ ቁጥሩን ለመቀበል ጣቷን አዘጋጅታለች። ቀያሹ የሜትሩን አንድ ጫፍ ለእማማ ማርታ ሰጠ፣ ሌላውን ለተሰማ።

ተሰማ ጎንበስ ብሎ ጫፉን ከጉቶው ጎን፣ ወደ እሳቸው ባለው በኩል፣ መሬት ላይ አስነካው። ልማድ ይሁን፣ እጁ ይሁን፣ እግዜር ይወቅ። ሁላችንም አየነው።

እማማ ማርታ ሜትሩን ሳብ አደረጉት።

"አጠገቡ አይደለም ተሰማ" አሉት፣ ሕፃን ልጅ እንደሚያስተምር ሰው ቀስ ብለው። "ላዩ ላይ።"

ተሰማ ተንበረከከ። ሜትሩን ጉቶው መሃል ላይ አድርጎ በሁለት እጁ ተጫነው፤ ጎንበስ እንዳለ ቀረ። ቀያሹ ቁጥሩን አነበበ፣ ሰላምም ከበረንዳው "ደረሰ" አለች።